ጾም የማያንቀሳቅሰው ሰዓት

በዚህ ሳምንት የማነሣው በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን ቁጭ ብለን የማንነጋገርበት ጉዳይ ነው። እናትዎ ወይም አባትዎ የደም ግፊት አለባቸው እንበል። ሐኪሙ «ይህን ክኒን በየቀኑ አንድ፣ ሳያቋርጡ ይውሰዱ» ብሏቸዋል። እርሳቸውም «እሺ ልጄ» ብለው ተቀብለዋል። ወሩ አልቆ ማሸጊያው ሲታይ ግን ከ30ው ክኒን 12ቱ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

ልጆች ይህን ሲያዩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይላሉ። አንዱ «አልገባቸውም፣ እንደገና ማስረዳት አለብን» ነው። ሌላው «ግትር ናቸው፣ ለራሳቸው አያስቡም» ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምክር ይመጣል፤ ምክሩ አልሠራ ሲል ቁጣ ይከተላል። በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታትም ሆነ ከጡረታ ወዲህ እዚህ መቀሌ በሰፈራችን ግፊት ስለካ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አብዛኞቹ በሽታቸውን ያውቁታል፤ መዳንም ይፈልጋሉ። የጎደላቸው ክኒኑ በቀናቸው ውስጥ የሚቀመጥበት ቋሚ ቦታ ነው።

የእኛ ሰው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ፣ በበለጸጉት አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ መድኃኒት ከታዘዘላቸው ሰዎች በትእዛዙ መሠረት የሚወስዱት በአማካይ ግማሽ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ከሰው ጠባይ እንጂ ከአንዲት ግትር እናት የመጣ አይደለም።

በር የምንዘጋው ሌባ ስላየን አይደለም

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት የሳንባ ነቀርሳን ቀድሞ ለመለየት ሕዝቡ የደረት ራጅ እንዲነሣ ይቀሰቅስ ነበር። የራጅ መሣሪያው በመኪና ተጭኖ እስከ ሰፈር ይመጣል። ብዙ ሰው ግን አልመጣም። ጎድፍሬይ ሆክባውም የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ሲያጠኑ፣ ሰው ለጤናው አንድ ነገር ከማድረጉ በፊት በልቡ የሚመዝናቸው ጥያቄዎች እንዳሉ ተረዱ። «በሽታው እኔን ሊይዘኝ ይችላል? ቢይዘኝስ ክፉ ነው? የተባልኩትን ባደርግ የማገኘው ጥቅም ከድካሙ ይበልጣል?» ከነዚህ በላይ ደግሞ «አሁን አድርገው» የሚል አንድ ቀስቃሽ ምልክት ያስፈልጋል።

ይህን ሚዛን ወደ ደም ግፊት እናምጣው። ግፊት 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲቆይ አንጎልን፣ ልብን፣ ኩላሊትንና ዓይንን ይጎዳል። ችግሩ በአብዛኛው ሳያሳምም መጉዳቱ ነው። ቀስቃሽ ምልክት የለውም። አንዲት ጎረቤቴን፣ ሰባዎቹን የተሻገሩ እናት፣ እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው፦

«አደይ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?»

«ዛሬ ራሴን አላመመኝም እኮ ልጄ። ሲያመኝ እወስዳለሁ።»

መልሳቸው የስንፍና አይደለም። በሕይወታቸው ያወቁት መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ነበር የሚሠራው። ወባ ሲይዝ ይወሰዳል፣ ሲለቅ ይቆማል። ራስ ሲያም ይዋጣል፣ ሲተው ይረሳል። ስለዚህ ክኒኑን ከራስ ምታት ጋር አስረውታል። ራስ ምታት ግን የግፊት መለኪያ አይደለም፤ ግፊቱ 180 ደርሶ ራሱን የማያመው ሰው ብዙ ነው።

ለእርሳቸው የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። ማታ ማታ በር የምንዘጋው ሌባ ስላየን አይደለም። ሌባ ባላየንበት ቀንም እንዘጋለን። ደግሞም «ዛሬ ልዝጋ ወይስ ይቅር?» ብለን አንማከርም። ሲመሽ እጃችን ራሱ ወደ መቀርቀሪያው ይሄዳል። የግፊት ክኒንም እንደ በር መዝጋት ሲሆን ነው ሥራውን የሚሠራው። ልማድ ማለት ይኸው ነው፤ ሳንማከር የምናደርገው ነገር።

«ያኔስ ያለ መድኃኒት ኖሬ የለም ወይ?»

በትግራይ ይህን ጉዳይ የሚያከብደው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም በነበረው ጦርነት ለረጅም ጊዜ ባንክና መንገድ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር። የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች የኢንሱሊንና የሌሎች መድኃኒቶችን እጥረት በተደጋጋሚ ለዓለም አሰምተዋል። በየቤቱ የተረፈችውን ክኒን በሦስት ቀን አንዴ የሚውጥ፣ ባልና ሚስት አንዱን ማሸጊያ የሚካፈሉ ነበሩ። ሰው ያለውን አብቃቅቶ ለመኖር የሚችለውን አደረገ።

መድኃኒቱ ተመልሶ ሲመጣ ግን ልማዱ አብሮ አልተመለሰም። ልማድ በዙሪያው ባሉ ነገሮች ተደግፎ የሚቆም ነው። የክትትሉ ቀን፣ የለመዱት ጤና ጣቢያ፣ ክኒኑ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ፣ «ወሰድሽ?» የሚል የትዳር ጓደኛ፣ እነዚህ ሲፈርሱ ልማዱም ይፈርሳል። ሰውየው ስለሰነፈ አይደለም። ቤት የቀየረ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው መድኃኒቱን የሚያቋርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር አንድ አደገኛ አባባል መጣ፦ «ያኔስ ያለ መድኃኒት ኖሬ የለም ወይ?» ይህን የሚለን ሰው ያለፈውን መከራ የቻለ ሰው ነውና ስንመልስለት በአክብሮት ይሁን። መልሱ ግን ግልጽ ነው። ያለ መድኃኒት ኖረው ዛሬ የሚነግሩን የተረፉት ናቸው። አንጎላቸው ደም ፈሶበት ያለፉት፣ ኩላሊታቸው የደከመባቸው መጥተው አይነግሩንም። የተረፈውም ሰው በዚያ ጊዜ በደም ሥሩ ላይ የደረሰውን ጉዳት ሳይለካ አያውቀውም። «መትረፍዎ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ይህን የተረፈ ዕድሜ እንጠብቀው» ማለቱ ከክርክር ይሻላል።

ጠዋቱ የጠፋበት ግማሽ ዓመት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በብዙ ማሸጊያዎች ላይ «ጠዋት 1» ተብሎ ተጽፏል። ለብዙ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ቁርስና ቡና ባለበት ክኒኑም ይዋጣል። የእኛ አባቶችና እናቶች ጠዋት ግን ቋሚ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ የሐዋርያት ጾም፣ ነነዌ፣ ገሃድ። ሲደመር በዓመት ከ180 ቀን ይበልጣል፤ ግማሽ ዓመት ማለት ነው። በነዚህ ቀናት ቁርስ የለም። ቡናውም አቦሉም በረካውም ከጾሙ ፍቺ በኋላ ነው። አንዱ እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሌላው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፤ ቅዳሴ የሚያስቀድም ደግሞ እንደ ቅዳሴው መውጫ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ክኒኑን በቁርስ ላይ ያሰረ ሰው ያሰረበት ነገር በዓመቱ ግማሽ ቦታውን ይለቃል። የጾም ቀን ሲመጣ «ስፈታ እወስዳለሁ» ይላል። ሲፈታ ቤቱ ሥራ አለው፣ እንግዳ አለ፣ ድካም አለ፤ ይረሳል። ማታ ትዝ ሲለው «እንግዲህ የነገውን ጠዋት» ብሎ ያልፋል። የዚያች ጎረቤቴ የቀሩ ክኒኖችም አብዛኞቹ የጾም ቀን ክኒኖች ነበሩ። እርሳቸው ግን «ረስቼ» እንጂ «ጾሜ» አላሉም። ምክንያቱን እርሳቸውም ልጃቸውም አላስተዋሉትም ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ክኒኑን ጾም በማያንቀሳቅሰው ሰዓት ላይ እሰሩት። በአብዛኛው ቤት ይህ ሰዓት ማታ ነው። የጾምም ቀን የፍስክም ቀን ራት አለ፤ የማታ ጸሎት አለ፤ መኝታ አለ። «ጠዋት ካልተወሰደ አይሠራም» የሚል ፍርሃት ያለው ሰው ብዙ ነው። በብሪታንያ ከ21 ሺህ በላይ የግፊት ታካሚዎች ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ተደርጎ ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለዋቸው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲታተም በልብ ድካም፣ በስትሮክና በሞት በኩል በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ዋናው ነገር በየቀኑ መወሰዱ ነው።

ሆኖም ሰዓት ከመቀየራችሁ በፊት መድኃኒቱን ይዛችሁ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ጠይቁ። ሽንት የሚያበዛው የግፊት ክኒን ማታ ከተወሰደ አረጋውያንን ሌሊት እያስነሣ ለመውደቅ ሊያጋልጥ ይችላል። የስኳር በሽታ መድኃኒት ደግሞ ጨርሶ ሌላ ነገር ነው። ኢንሱሊንና አንዳንድ የስኳር ክኒኖች ከምግብ ሰዓት ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ የስኳር ታካሚ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ምንም መቀየር የለበትም።

ቆራቢ የሆኑ አባቶችና እናቶች ከቁርባን በፊት ያለውንም ማታ ጭምር እንደሚጾሙ አውቃለሁ። ለእነርሱ ከነፍስ አባታቸው ጋር ቀድሞ መነጋገር ይበጃል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝን ናት፤ ከአንድ ጤና ሠራተኛ አሥር ቃል የነፍስ አባት አንድ ቃል የሚሰማበት ጊዜ ብዙ ነው። ጸበልም ለሚጠመቁት እንዲሁ ነው፤ «ጸበሉንም መድኃኒቱንም» ብለው የሚያስተምሩ ካህናት አሉና እነርሱን አግዙን በሏቸው። ለሙስሊም ቤተሰቦቻችንም ነገሩ አንድ ነው። ረመዳን ሲገባ የጠዋቱ ክኒን ቦታ ያጣል፤ በቀን አንዴ የሚወሰድ የግፊት መድኃኒት ወደ አፍጥር ሰዓት ሊዛወር ይችላል። ይህም ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ይታቀድ።

«ይህ ሲሆን፣ ይህን አደርጋለሁ»

ፒተር ጎልቪትዘር የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፣ «አደርገዋለሁ» ብሎ የወሰነና «ይህ ሲሆን፣ እዚያ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው እኩል እንደማይሆኑ አሳይቷል። ሁለተኛው ውሳኔውን ከአንድ ከሚታይ ነገር ጋር ስላሰረው፣ ያ ነገር ሲመጣ ሳያስብ ያደርገዋል።

ከጎረቤቴ ጋር ተቀምጠን ያወጣነው ቃል ይህ ነው፦ «የማታ ጸሎቴን አድርሼ መጽሐፉን ስዘጋ፣ ከአጠገቡ ካለው ቆርቆሮ አንድ ክኒን እውጣለሁ።» ቃሉን ራሳቸው ናቸው የተናገሩት፤ እኔ አልጻፍኩላቸውም። ይህ ልዩነት ያመጣል፤ ሰው ራሱ የተናገረውን ከታዘዘው ይልቅ ይጠብቃል። ውኃውም አስቀድሞ በብርጭቆ ተሞልቶ እዚያው ይቀመጣል። ውኃ ፍለጋ ወደ ማድቤት የሄደ አረጋዊ መንገድ ላይ ሌላ ሥራ ያገኛል።

ለተለየ ቀንም የተለየ ቃል ይኑር። «ለቅሶ ወይም ንግሥ ሄጄ የማድር ከሆነ፣ ከመውጣቴ በፊት የሦስት ቀኑን ቆርጬ በነጠላዬ ጫፍ እቋጥራለሁ።» ክኒኑ ከማሸጊያው ሳይወጣ ማሸጊያው በመቀስ ይቆረጥ፤ የተፈታ ክኒን ላብና እርጥበት ያበላሸዋል። «ከረሳሁስ?» ለሚለውም መልስ ይኑር፦ በማግስቱ እንደወትሮው አንድ ይወሰዳል፤ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ከዐቢይ ጾም የሚረዝም ትዕግሥት

ልጆች ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ይቆርጣሉ። «ይኸው ነገርናቸው፣ ጀመሩ፣ መልሰው ረሱ» ይላሉ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ነገር፣ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ፍሬ መብላት ወይም ከራት በፊት መጠነኛ ሩጫ፣ በየቀኑ በአንድ ምልክት ላይ አስረው እንዲያደርጉ አድርገው ለ12 ሳምንታት ተከታተሉ። ነገሩ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው ጊዜ በአማካይ 66 ቀን ሆነ። ከሰው ሰው ግን ይለያያል፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን ይገመታል።

66 ቀን ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ሙሉ ዐቢይ ጾም ገብቶ ወጥቶም ልማዱ ገና ሊጠና ይችላል። በሁለት ሳምንት መፍረድ ዘርቶ በሦስተኛው ቀን እርሻ ላይ ቆሞ እሸት እንደመጠየቅ ነው። በዚያ ጥናት የታየው ሌላ ነገር ደግሞ የሚያጽናና ነው። አንድ ቀን መዝለል የተጀመረውን ልማድ አላፈረሰም። የሚያፈርሰው «አንዴ አመለጠኝ፣ እንግዲህ ተበላሽቷል» ብሎ መተው ነው። አባቶቻችን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ጎረቤት ያስተማረችው

ይህ ሁሉ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም። ትግራይ ራሷ ለዓለም ያስተማረችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በትግራይ ሁለት ወረዳዎች በ24 ጣቢያዎች አንድ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከየመንደሩ የተመረጡ እናቶች ሠልጥነው ሌሎች እናቶችን እንዲያስተምሩ ተደረገ። ትምህርቱ የልጅን ትኩሳት እንደ ወባ ምልክት ማወቅና በዚያን ጊዜ የወባ መድኃኒት የነበረውን ክሎሮኪን ሳይዘገዩ ቤት ውስጥ መስጠት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣው ውጤት፣ እናቶች ባስተማሩባቸው ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ካልተማረባቸው ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

መድኃኒቱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር መድኃኒቱ ከሩቅ ጤና ጣቢያ ወደ ሰፈር መምጣቱና ያስተማረችው በምንጭ፣ በገበያ፣ በለቅሶ የምትገኝ ጎረቤት መሆኗ ነው። ጎረቤት አንዴ አስተምራ አትሄድም። ነገም ትታያለች፤ ትጠይቃለች፤ ራሷም ስታደርገው ትታያለች። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም «ሞዴል ቤተሰብ» ሲል ያሰበው ይህንኑ ነበር፤ አንድ ቤት መጸዳጃውን ሠርቶ እጁን ሲታጠብ የሚያየው ጎረቤት ከስብከት ይልቅ ከእርሱ ይማራል ብሎ ነው።

በቤታችን ይህን ሥራ ለልጅ ልጅ መስጠት እንችላለን። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የጾምና የበዓል ቀን የታተመበት የቀን መቁጠሪያ አለ። ማታ ክኒኑ ሲዋጥ የልጅ ልጅ በቀኑ ላይ በእስክሪፕቶ ምልክት ያድርግ። ለአያቱ ማስታወሻ ይሆናል፤ ለልጁ ኃላፊነት ይሆነዋል፤ ለሐኪሙም በክትትል ቀን የሚታይ ማስረጃ ነው። የጾም ቀኖቹ እዚያው ስለታተሙ ክኒን የሚያመልጠው መቼ መቼ እንደሆነም ወዲያው ይታያል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ልጁ የሚይዘው እስክሪፕቶውን እንጂ ክኒኑን አይደለም። የክኒኑ ቆርቆሮ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ፤ ለአዋቂ የታዘዘ የግፊት ክኒን ሕፃንን ሊገድል ይችላል።

ስንጠይቅ እንዴት እንጠይቅ?

ወላጅ ለልጁ ይዋሻል ብሎ መናገር ደስ አይልም፤ ግን «ወስደሻል?» ተብላ በቁጣ የተጠየቀች እናት «አዎ ወስጃለሁ» ብትል ምን ይደንቃል? ጥያቄው የፍርድ ቤት ጥያቄ ሆኖባታል። በዚያ ላይ በልጅ ፊት መዋረድን የሚወድ ማንም የለም። እንዲህ ሆኖ ከተሸፈነ በኋላ ጉዳቱ ሐኪሙ ዘንድም ይደርሳል። ሐኪሙ «እየወሰዱ ነው» ብሎ ሲያምን ግፊቱ ስላልወረደ መድኃኒት ይጨምራል። ያን ጊዜ ሁለት የማይወሰዱ መድኃኒቶች ይሆናሉ ማለት ነው። አንድ ቀን ሁለቱንም በአንዴ ቢጀምሩ ደግሞ ግፊቱ ከመጠን በላይ ወርዶ ሊጥላቸው ይችላል።

ስለዚህ አጠያየቁን እንቀይር። «ብዙ ሰው አንዳንድ ቀን ያመልጠዋል። ባለፈው ሳምንት እርስዎን ስንት ቀን አመለጠዎት?» እንበል። ይህ አባባል ማምለጥ የሰው ጠባይ መሆኑን አስቀድሞ ስለተናገረ እውነቱን ለመናገር በር ይከፍታል። ቀጥሎ «ለምን?» ከማለት «በነዚያ ቀናት ምን ሆነው ነበር?» ብንል ይሻላል። «ለምን» ሲባል ሰው ራሱን ይከላከላል። «ምን ሆኖ ነበር» ሲባል ግን ያስታውሳል፦ ቅዳሴ ነበር፣ እንግዳ መጥቶ ነበር፣ እግሬ አብጦብኝ ፈራሁት። የመጨረሻው ከመጣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት በአንዳንድ ሰው ላይ እግር ያሳብጣል፤ መድኃኒቱ ይለወጣል ወይም መጠኑ ይስተካከላል እንጂ በዝምታ አይተውም።

የድስቱ ጨው

የደም ግፊት ሲነሣ ጨው ሳይነሣ አይቀርም፤ ደግሞም በዚህ በጨው መንገድ ጫፍ በሆነችው ከተማ። ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ ተቆርጦ በግመል በበራሕለ በኩል ወደ መቀሌ የሚመጣው አሞሌ ለዘመናት ገበያችን ነበር፤ በአንድ ወቅትም ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ይህም በወጡ፣ በሽሮው፣ በበርበሬው፣ በዳቦው ያለውን ሁሉ ጨምሮ ነው።

«ለአባባ ጨው አልባ ወጥ» ተብሎ ለብቻ የሚሠራ ድስት ግን ብዙ ጊዜ አይቆይም። አባባ ከማዕድ የተገለሉ ይመስላቸዋል፤ ሁለተኛው ድስትም ለሠሪዋ ድካም ነው። የተሻለው የቤቱን ሁሉ ጨው በጥቂቱ ዝቅ ማድረግ ነው። እዚህም ላይ በየዕለቱ ከመታገል አንዴ መወሰን ይበልጣል። በብዙ ቤት ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው አብሮ ይገባል፤ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል። በሚቀጥለው ጊዜ ሽሮው ወደ ወፍጮ ሲሄድ ያለ ጨው ይሂድ። ያቺ አንዲት ውሳኔ ለወራት ትሠራለች። በድስቱ የሚገባውም በየጥቂት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይቀነስ። ምላስም እንደ እጅ ይለምዳል። መጀመሪያ አልጫ የመሰለው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ሁለት ሦስት ወር ባለው ጊዜ ልክ ይሆናል፤ የድሮው ደግሞ ይመርራል። የምትጠቀሙበት ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ የአሞሌ ጨው በአብዛኛው አዮዲን የለውም።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ብዙ ነገር በአንዴ አትጀምሩ፤ አንዱን ብቻ ያዙ። ወላጆቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ የክኒኑን ማሸጊያ አይታችሁ አትቆጡ። አብራችሁ ተቀመጡና «በቀኑ ውስጥ ጾምም ሆነ በዓል የማይቀይረው ሰዓት የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን እነርሱ ይናገሩ። ከዚያ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን አማክራችሁ ክኒኑን እዚያ ሰዓት ላይ እሰሩት። ቆርቆሮውን፣ ውኃውንና የቀን መቁጠሪያውን አዘጋጁና 66 ቀን ታገሡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር በልባችሁ ይያዝ። የአንድ ሰው ፊት በድንገት በአንድ ወገን ከዞረ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የግፊት ክኒን አትስጡ፤ መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፣ ግፊቱንም በአንዴ ማውረድ ሊጎዳው ይችላል። ምልክቱ መቼ እንደጀመረ ሰዓቱን ያዙ፤ ሐኪሞቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እርሱን ነው።

ለዛሬ በዚህ ይብቃኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ እናንተም አረጋውያኖቻችሁም በጤና ሰንብቱ።